መምሰልና ማስመሰል

በቋንቋችን ውስጥ ከአንድ ሥር የበቀሉ፣ በጠባይ ግን እንደ ቃየልና እንደ አቤል የተለያዩ ሁለት ቃላት አሉ። አንደኛው መምሰል፣ ሁለተኛው ማስመሰል ነው። ልጅ አባቱን ሲመስል ደስ ይለናል፤ ደቀ መዝሙር መምህሩን ሲመስል እናመሰግነዋለን። ሰው ያልሆነውን ሆኖ ለመታየት የጣረ እንደ ሆነ ግን «አስመሳይ» ብለን እንሸሸዋለን። እንግዲህ በመድረክ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ንጉሥ፣ አንድ ጊዜ ለማኝ ሆኖ የሚታየው ተዋናይ ከሁለቱ ከየትኛው ወገን ይቈጠራል? ዩኒቨርሲቲስ ይህንኑ ሥራ በትምህርት ክፍል አደራጅቶ፣ በግቢው ውስጥ መድረክ አቁሞና መብራት አብርቶ ለወጣቶች ማስተማሩ ተገቢ ነውን?

ጥያቄው ለሊቃውንት ጉባኤ የሚቀርብ እንጂ፣ እንደ እኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ በቀጥታ ወደ ቢሮ ለገባ የመንግሥት ሠራተኛ የሚገባ አይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ወደ እኛ የመጣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ መሥሪያ ቤታችን አዳራሽ ነውና፣ ከዚያው እንጀምራለን።

የምንሠራው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በካዛንችስ ነው። የዚህ ሰፈር ስም የመጣው ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው የኢጣልያ ድርጅት ነው። በወረራው ዘመን ድርጅቱ በዚያ ስፍራ ያሠራቸው ቤቶች፣ «ካዛ» በኢጣልያንኛ ቤት ማለት ስለ ሆነ፣ ካዛ ኢንቺስ ይባሉ ነበር፤ በሕዝቡም አንደበት ሲዞር ካዛንችስ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ሰፈሩ ከስሙ ጀምሮ የቢሮ ሰው ሰፈር ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመሥሪያ ቤታችን አንድ በዓል ይከበር ነበር። የዕለቱ አርእስት ባለ ጉዳይን በቅንነት ስለ ማስተናገድ ስለ ነበረ፣ ከንግግሮቹ በኋላ ሠራተኞች ራሳቸው አዘጋጅተው የሚያሳዩት አጭር ጭውውት እንዲኖር ተወሰነ። ከመካከላችን ጨዋታ ዐዋቂ የተባለው ባልደረባችን ከቢሮ ወደ ቢሮ የምትንከራተት አሮጊት ሆኖ እንዲጫወት ተመረጠ። ነጠላ ተከናነበ፤ ከዘራ ያዘ፤ ወገቡን አጎበጠ፤ ሳለ፤ ገና አፉን ሳይከፍት ከዘራው ሁለት ጊዜ ከእጁ ወደቀ። እኛም የጸሓፊውን ወንበር ይዘን «ነገ ይመለሱ»፣ «አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ፋይልዎ አልተገኘም» እያልን መለስንለት። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አለቆቻችን ዕንባቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። ጭብጨባው ሳያባራ፣ በራሳችን እየተደነቅን ከመድረኩ ወረድን።

አዳራሹ ባዶ ከሆነ በኋላ፣ በመሥሪያ ቤታችን ቡና የሚያፈሉልን አንዲት እናት ሲኒ ይሰበስቡ ነበር። እኚህ እናት የሟች ባለቤታቸውን ጡረታ ለማስከበር ብዙ ዘመን ደጅ የጠኑ መሆናቸውን ያወቅነው ዘግይተን ነው። «እማማ፣ እንዴት አዩት?» ስንል ጠየቅናቸው። «ደኅና ነው ልጆቼ፤ ሰዉ ሳቀላችሁ» አሉን። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ግን ሴትዮዋ ምን ፈልጋ እንደ መጣች ሳትነግሩን ጨረሳችሁት» ብለው ሲኒያቸውን ይዘው ሄዱ።

በዚያ ምሽት ያንን ጭውውት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በልባችን መረመርነው። እናታችን የተናገሩት እውነት ሆኖ አገኘነው። ሴትዮዋን «ባለ ጉዳይ» ብለን ጠርተናት፣ ጉዳይዋን ግን ረስተነው ኖሯል። የወሰድነው ነጠላዋን፣ ሳሏንና ጉብጠቷን ነበር። እነዚህ ደግሞ የእርጅና ናቸው እንጂ የእርሷ አይደሉም። የእርሷ የሆነው፣ ያን ሁሉ ደረጃ ያስወጣት ነገር ብቻ ነበር። ስለ መልካም አስተናጋጅነት ለማስተማር ተነሥተን፣ በመስኮት በኩል በየቀኑ የምናደርገውን በመድረክ ደገምነው፤ ይኸውም ሰውዬውን አይቶ ጉዳዩን አለማየት ነው።

ከዚህ የተነሣ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ የሚሆን አንድ መለያ ያገኘን ይመስለናል። ማስመሰል የሰውን መልክ ወስዶ ጉዳዩን መተው ነው። መምሰል ግን ከሰውዬው ጉዳይ ተነሥቶ ወደ መልኩ መድረስ ነው። የመጀመሪያው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይዘጋጃል፤ ሁለተኛው ግን ዓመታት፣ መምህርና መድረክ ይፈልጋል።

ክርክሩ የቆየ ነው። የጥንት ግሪኮች ተዋናይን ሲጠሩ «ሂፖክሪቴስ» ይሉት ነበር። ይኸው ቃል ኋላ በአዲስ ኪዳን ግሪክኛ ግብዝ ለማለት ዋለ፤ ዛሬም በብዙዎቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች ትርጉሙ ይኸው ነው። ፈላስፋው አፍላጦን ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፉ፣ ሁሉን ሰው ለመምሰል የሚችል ባለ ቅኔ ወደ ከተማችን ቢመጣ አክብረን፣ ሽቱ ቀብተን ወደ ሌላ አገር እንሸኘው ብሏል። ደቀ መዝሙሩ አሪስጣጣሊስ ደግሞ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚመስል ፍጡር መሆኑን፣ የመጀመሪያ ትምህርቱንም የሚያገኘው በመምሰል መሆኑን ተናገረ። ሁለቱ ሊቃውንት የተጣሉ ይመስላሉ። እኛ ግን ከዚያ ጭውውት በኋላ ሁለቱም እውነት እንዳላቸው ተረዳን። አፍላጦን የፈራው እኛ በአዳራሹ ያደረግነውን ነው፤ አሪስጣጣሊስ ተስፋ ያደረገው ደግሞ ትምህርት ቤት ሊያደርግ የሚችለውን ነው።

ይህ ዓይነቱ ትምህርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ የተበላሸው ይታረማል፤ የሰመረው ይመሰገናል። የአቋቋም ተማሪም መቋሚያና ጸናጽል ይዞ፣ የከበሮውን ምት ተከትሎ፣ ዕውቀቱን በእጁና በእግሩ ያጠናል። በዚያ ቤት ትምህርት በጆሮ ተሰምቶ በብራና ተጽፎ ብቻ አይቀርም፤ ቆሞ በሰው ፊት መታየት አለበት። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መድረክ መኖሩን እንደ ባዕድ ቅንጦት የሚቈጥር ሰው፣ የአባቶቹን ትምህርት ቤት በቅጡ ያላስተዋለ ነው።

ዘመናዊው ቴአትራችንም ከትምህርት ቤት ጋራ የተሳሰረ ነው። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ፣ በሩስያ ተምረው የተመለሱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን፣ በአማርኛ የመጀመሪያ የሆነውን ተውኔት ጻፉ። እንስሳትን እያናገረ የዘመኑን አስተዳደር የሚነቅፍ ስለ ነበር ታገደ። ከዚያ በኋላ ጥበቡ ተመልሶ የተነሣው በተማሪዎች መካከል ነው። ከጎጃም የቅኔ ቤት የወጡት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት፣ መላኩ በጎሰውም በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እያስተማሩ፣ ተውኔት እየደረሱ በተማሪዎቻቸው ያሠሩ ነበር። የሀገር ፍቅር ማኅበር የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር የተመረቀውም በ1948 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በአገራችን ተማሪው ከባለ ሙያው ቀድሞ በመድረክ ላይ መቆሙን ታሪክ ይመሰክራል።

ዩኒቨርሲቲውም ይህን ቅርስ ተቀብሏል። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1963 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ በአሜሪካዊው በፊሊፕ ካፕላን መሪነት የኪነ ጥበባት ማዕከል ተከፈተ። በአሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ያጠኑት ተስፋዬ ገሠሠ ኋላ ማዕከሉን መርተውታል፤ ወጋየሁ ንጋቱና ደበበ እሸቱን የመሳሰሉ፣ በሃንጋሪም ለትምህርት የቆዩ ተዋንያን ሠርተውበታል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ተከፈተ፤ ለመቋቋሙም ባለ ቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደክመውበታል። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ቤቱ የሚጠራው በዮፍታሔ ንጉሤ ስም ነው። የንጉሥ ወይም የጦር መሪ ስም ሳይሆን፣ ተማሪዎቹን በአዳራሽ ሰብስቦ ያለማመደ የአንድ መምህር ስም ለዚህ ቤት መመረጡ ትርጉም አለው።

ታሪኩን ይህን ያህል ካነሣን በኋላ፣ መድረኩ በተማሪው ላይ የሚሠራውን ሥራ በዓይናችን ያየንበትን አንድ ቀን እንተርካለን። ቴአትር የሚያጠና የጎረቤታችን ልጅ አንድ ቀን ልምምድ እንድናይ ጋበዘንና፣ ከካዛንችስ ተነሥተን በአራት ኪሎ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ ወጣን። የጠበቅነው ጩኸት፣ ልቅሶና ሰይፍ መማዘዝ ነበር። ያየነው ግን አንዲት ወጣት ተማሪ እንስራ አዝላ በበር ስትገባ ብቻ ነው። ገባች፤ መምህሩ አስቆማት። «እንስራው ባዶ ነው ወይስ ሙሉ?» አላት። ሙሉ መሆኑን ነገረችው። «ታዲያ ውኃው የት አለ?» አላት። ተመልሳ ወጣች፤ ገባች፤ እንደገና አስቆማት። «ከምንጩ እስከዚህ ድረስ ምን እያሰብሽ መጣሽ? በቤት ማን ይጠብቅሻል?» ሲል ጠየቃት። ከጓደኞቿ አንዱ ሳቀ፤ መምህሩም እርሱኑ ጠርቶ እንስራውን አሸከመው፤ ሳቁም ቆመ። ልጅቷ ስንት ጊዜ እንደ ገባች አልቈጠርንም። በመጨረሻ ግን ስትገባ፣ እንስራው ባዶ መሆኑን እያወቅን፣ ውኃው እንዳይፈስ እኛ ራሳችን በወንበራችን ላይ ሰውነታችንን ሰብሰብ ስናደርግ ተገኘን።

«ሴትዮዋ ምን ፈልጋ መጣች?» የሚለው የእማማ ጥያቄ እዚያ እንደ መጀመሪያ ትምህርት ሲሰጥ አየን። የሞስኮ አርት ቴአትርን በ1898 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከባልንጀራው ጋራ የመሠረተው ሩስያዊው ስታኒስላቭስኪም፣ ተዋናይ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው የሚመስለው ሰው ፍላጎት መሆኑን ያስተምር ነበር። ሊቁና ቡና አፍይዋ እናት በአንድ ነገር ተስማምተዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ግቢው መድረክ ጥቅም እንመለስ። የከተማው ቴአትር ቤት ተመልካች ያስፈልገዋል፤ ተመልካቹ ካልመጣ መጋረጃው ይዘጋል። ስለዚህ እዚያ የሚቆም ሰው የተሣካውን ይደግማል እንጂ ለመሳሳት ጊዜ የለውም። የትምህርት ቤት መድረክ ግን ስሕተት የሚፈቀድበት ስፍራ ነው። ይህም ማለት ስንፍና የሚታለፍበት ማለት አይደለም፤ ስሕተቱ በሰው ፊት ተገልጦ፣ ምክንያቱ ተመርምሮ፣ በማግስቱ የሚታረምበት ማለት ነው። ከዚህም በላይ ተማሪው ትናንት ንጉሥ ሆኖ የቆመበትን ወለል ዛሬ ይጠርጋል፤ ነገ መብራት ይይዛል፤ ከነገ ወዲያ የባልንጀራውን ልብስ ይሰፋል። ራሱን ካልታየው ሠራተኛ ጋራ በአንድ ሚዛን ማየትን የሚያስተምር ትምህርት፣ ለቢሮም ቢሆን ምን ያህል በጠቀመን ነበር!

ጥቅሙ ደግሞ ለተዋናዩ ብቻ አይደለም። በግቢው አዳራሽ ተቀምጠው የሚያዩት የነገ ዳኞች፣ ሐኪሞች፣ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። የሕግ ተማሪ ሕጉን በመጽሐፍ ያነባል፤ የተከሳሹን እናት ግን በመጽሐፍ አያገኛትም። አንድ ምሽት በመድረክ ካያት፣ በችሎት ላይ ሳያውቃት አይቀርም።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች መኖራቸውን አንዘነጋም። የመጀመሪያው፣ «ጥበብ ስጦታ ነው፤ በትምህርት ቤት አይገኝም፤ አዝማሪ መቼ ዲፕሎማ ያዘ?» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ምስክር አያጡም። በዚሁ በሰፈራችን በካዛንችስ፣ የውዝዋዜ ባለሙያው መላኩ በላይ ጥበቡን ያጐለበተው ፈንዲቃ በሚባለው አዝማሪ ቤት ለዓመታት በመጨፈር ነው፤ ኋላም ቤቱን ተረክቦ የባህል ማዕከል አድርጎታል፤ ስሙም በባሕር ማዶ ተሰምቷል። ነገር ግን ይህ ምስክር ለእኛ ነው እንጂ በእኛ ላይ አይደለም። አዝማሪ ቤት ራሱ ትምህርት ቤት ነውና። መድረክ አለው፤ ከታላላቆቹ የሚማር ወጣት አለው፤ ሲያጠፋ ፊቱን የሚያዞር ተመልካችም አለው። ስጦታ ያለው ሰው የሚያድግበት ቤት ያስፈልገዋል። በ2017 ዓ.ም. የካዛንችስ ነባር ሰፈር ለመልሶ ማልማት ሲነሣ፣ ለጥበብ ቤት ማግኘት ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ሆነ ሁላችንም አስተውለናል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው በግቢው ውስጥ ጽኑ መድረክ መያዙ፣ ሰፈር ቢቀየር የማይቀየር አንድ የመማሪያ ቤት ማኖር ነው። ይህንም ስንል የዩኒቨርሲቲው ሰው አዝማሪውን ይናቅ ማለታችን አይደለም። «አዝማሪ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የተጠቀምንበት ዘመን ረጅም ነው፤ ግቢው ለባለ መሰንቆው በሩን ከፍቶ እንደ መምህር ቢቀበለው ያንን ነውር ይሽራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። «ሆስፒታል አልጋ፣ ገበሬ ማዳበሪያ፣ ተማሪ ወንበር በሚቸገርበት አገር፣ ለቴአትር ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነውን? ተመራቂውስ የት ይቀጠራል?» ይባላል። ይህን በቀላሉ ለመመለስ አንደፍርም። ከተመራቂዎቹ አያሌዎቹ በቴአትር ቤት፣ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በፊልምና በማስተማር ሥራ ተሰማርተዋል፤ ሁሉም የተመኘውን መድረክ አገኘ ማለት ግን አይቻልም። የቢሮ ወንበር የያዘም ይኖራል። እኛ ግን፣ በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው «ይህች ሴት ምን ፈልጋ መጣች?» ብሎ ለመጠየቅ ሠልጥኖ የመጣ ከሆነ፣ የወጣበት ገንዘብ ባከነ ብለን ለመናገር አፋችን አይታዘዝልንም። የመድኃኒት እጥረት ሰውን እንደሚገድል ሁሉ፣ ያለውን መድኃኒት በመስኮት በኩል የሚሰጠው ሰው ልብ መድረቅም ይጎዳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ በግልጥ የማይነገር፣ ነገር ግን ሁልጊዜ በውስጥ ያለ ነው። ይኸውም መድረክ ያልተፈለገ ነገር ይናገራል የሚል ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው። «ፋቡላ» የታገደው በዚሁ ምክንያት ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያም በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ «የኮሌጅ ቀን» ሲከበር፣ ተማሪዎች የድኻውን ብሶት ያነሡባቸው ግጥሞች ባለ ሥልጣኖችን አስቈጥተው ነበር። ዳሩ ግን በመድረክ የተሰማ ብሶት ሰሚ አግኝቷል፤ አፍ የተዘጋበት ብሶት ግን ወዴት እንደሚሄድ ያገራችን ታሪክ በሚገባ አስተምሮናል። የድኻውን ጉዳይ በመድረክ ያየ ሹም ጉዳዩን በጊዜ ለማስተካከል ዕድል አለው። ይህን ዕድል በገዛ እጁ የሚያጠፋ ሹም ብልህ አይባልም። በሌላ በኩል ተማሪውም ኀላፊነት አለበት። ድኻውን ለመሳቂያ፣ ሹሙን ለመጥሊያ ብቻ የሚያቆም ተውኔት እኛ በአዳራሻችን የፈጸምነውን ጥፋት ይደግማል። ሹሙም እኮ ጉዳይ አለው፤ እርሱን የሚመስል ተማሪ የእርሱንም ልብ መመርመር ይገባዋል።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ተዋናይ አስመሳይ የሚሆነው ሳይደክም የሌላውን መልክ የወሰደ እንደ ሆነ ነው። የሌላውን ሰው መልክ መውሰድ ብድር ነውና፣ ወለዱ ድካም ነው፤ ያንን ሰው ለማወቅ የሚወጣ ጊዜ፣ ላብና ትሕትና ነው። የዩኒቨርሲቲ ግቢ መድረክ ይህን ብድር መክፈል የሚለመድበት ስፍራ ነው። ይህንን ያላስተማረ መድረክ፣ መብራቱ ቢያምር፣ መጋረጃው ቢያብለጨልጭ፣ ማስመሰያ ነው። ይህንን ያስተማረ ግን፣ ወለሉ የተሰነጠቀ፣ ወንበሩ የተነቃነቀ ቢሆንም፣ ትምህርት ቤት ነው።

በተከታዩ ዓመት በመሥሪያ ቤታችን ያው በዓል ደረሰና ጭውውት እንድናዘጋጅ ተጠየቅን። አሮጊቷን የተጫወተው ባልደረባችን ወዲያው አልተቀበለም። አንድ ጧት ፈቃድ ጠይቆ፣ ማንነቱን ሳይናገር፣ በሌላ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ከባለ ጉዳዮች ጋራ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋለ። ሲመለስ «ጭውውቱ ይቅርብን፤ ገና አላወቅናቸውም» አለን። በዓሉም ያለ ጭውውት አለፈ፤ አንዳንዶች ቅር አላቸው። እማማ ግን በዚያ ቀን ለእርሱ ቡናውን በትልቁ ሲኒ ቀዱለት። እርሱም ሲኒውን እንደ ተቀበለ፣ «እማማ፣ የባለቤትዎ የጡረታ ጉዳይ ከምን ደረሰ?» ሲል ጠየቃቸው። እኛ ያንን ጥያቄ ለመጠየቅ ያን ያህል ዓመት አብረናቸው ቡና ጠጥተናል።